የባሻ አምባዬ በቅሎና የነሐሱ ደጃዝማች

ሲወርድ ሲዋረድ እኔ ጆሮ የደረሰው እንዲህ ነው።

ባሻ አምባዬ የሚባል ምላሰኛ ነበረ። ሰውነቱ እንደ ጦር ዘንግ የቀጠነ፣ ምላሱ እንደ ጦሩ ጫፍ። ሀብቱ አንዲት ዳማ በቅሎ ናት። ቤቱ ዝንጀሮ እንኳ አረፍ እያለ የሚወጣው ዳገት አናት ላይ ነው፤ ጉልበቱን ደግሞ ቁርጥማት ይዞታል። ያለ በቅሎዋ ቤቱ አይገባም።

አንድ ቀን ጌታው ደጃዝማች ወንድይራድ ግብር ላይ ጠጁ ሞቅ አደረጋቸውና፣ “ስሜ ራሱ ወንድ ይራድ ነው። እስቲ እንደ እኔ ስሙን የሆነ ማን አለ?” አሉ። አምባዬ ከጥግ ተነሣ፦

«እውነትም እንደ ስምዎ ነዎት ጌታዬ፤ እመቤቴ ብቅ ሲሉ ወንዱ ይርዳል።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙላቷ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ደጃዝማች ግን በቅሎዋን አስወሰዱ።

አምባዬ ዳገቱን በቂጡም በእጁም ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተ። በዚህ መሐል ሙሴ ረኔ የሚባል ፈረንሳዊ መጣ። ይኼ ሰው ሥራው ሰው ፊቱ አቁሞ እያየ በጭቃ ማበጀት፣ ኋላም በነሐስ ማፍሰስ ነው። ደጃዝማች ሐውልታቸውን አዘዙ። ሙሴ ከአማርኛ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ “ቁም።”

“ማንን ነው ቁም የሚለው? የተያዘ ሌባ መሰልኩት?” ብለው ደጃዝማች ተነሥተው ሄዱ። ኋላ ሲታረቁ፣ ፊታቸውን ተቀምጠው ሊሰጡ፣ ከአንገት በታች ያለውን አምባዬ ሊቆምላቸው ሆነ።

“ጨርቁ ተገልጦ ሐውልቱ እስኪታይ ድረስ በእኔ ላይ አንዲት ቀልድ ከአፍህ ካልወጣ በቅሎህን ትወስዳለህ። ከወጣ እርሳት። ሰምና ወርቅህንም አልፈልግ” አሉት። ጆሮ እንዲሆናቸውም አጋፋሪ ድንበሩን አጠገቡ አስቀመጡ። ድንበሩ ማለት ዝንብ ወጡ ላይ ብታርፍ እግሯን ልሶ የሚለቅ ንፉግ ነው።

ሙሴ አምባዬን እጀ ጠባቡን አስወልቆ አቆመው። የጎድን አጥንቱ እንደ በገና አውታር ይታያል። የደጃዝማች ሆድ ደግሞ ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ነው። ሙሴ ጭቃውን በቁና እያነሣ የሐውልቱ ሆድ ላይ ይለጥፍ ጀመር። አጋፋሪው፣ “እንዴት ነው፣ አማረብህ?” አለው ሊያስለፈልፈው።

«ስንት ዓመት ግብር ገብቼ ያልወጣልኝን ሆድ፣ ፈረንጁ ውሃ እንኳ ሳያጠጣ አወጣልኝ።»

አጋፋሪው አሰበ፣ አሰበ። ቀልዱ በፈረንጁ ላይ ይሁን በጌታው ላይ መለየት ስላቃተው ለደጃዝማች ሳይነግር ተወው።

አምባዬ እንዲህ ቆሞ ሳለ አንድ ነገረኛ ዳኛ ሊያይ መጣ። ሙሴ “ቁም፣ ቁም” ይላል። ዳኛው ሳቀና፣ “አምባዬ፣ አንተም እንዲህ ቁም ነገር ይገኝብሃል?” አለው።

«ቁሙን ከፈረንጁ አገኘሁ፤ ነገሩን ይኸው እርስዎ ይዘው መጡ።»

አሁን ጉድ ሊፈላ ነው። ሙሴ የደጃዝማችን ፊት በጎን በኩል በወረቀት ነድፎ አሳያቸው። ደጃዝማች አዩት፤ ዓይኑ አንድ ብቻ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። “የትኛው ነኝ? ሰይጣኑ ነኝ ይሁዳው?” ብለው ጭቃውን ሊያስፈርሱ፣ ሙሴንም ሊያባርሩ ተነሡ። ጭቃው ከፈረሰ በቅሎዋም ቀረች። አምባዬ ፈጥኖ መሐል ገባ፦

«ጌታዬ፣ አንደኛው ዓይንዎ እኛን ያያል፤ ሌላኛው በዚያ በኩል ጠላት እየጠበቀ ነው።»

ደጃዝማች ወረቀቱን ገልብጠው አዩ። “ይጠብቅ፣ ይጠብቅ” ብለው ተቀመጡ።

የማፍሰሻው ቀን ነሐስ ጎደለ። ያለው ሁሉ ያምጣ ተባለ። አጋፋሪ ድንበሩም ለሰርግ እንኳ አውሶት የማያውቀውን ሰታቴ እንደ ሬሳ ተሸክሞ፣ እያለቀሰ አመጣ። ቀልጦ ወደ ሐውልቱ ሆድ ሲወርድ አምባዬ ትከሻውን መታ አደረገው፦

«አይዞህ፤ ከአንተ ቤት ወጥቶ ሆድ የገባ ነገር ይኸው የመጀመሪያው ነው።»

ሙሴ በአስተርጓሚው አፍ ጥበቡን ያስረዳል። ከጭቃው ቀጥሎ በሰም ይሠራል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ነሐሱ ይተካዋል፤ ከውስጥ የሚቀረው እውነተኛው ነገር ነው። “እንዲህ ያለ ጥበብ እናንተ አገር አለ ወይ?” ብሎ አምባዬን ጠየቀው።

«አለ፤ እኛ በአፍ ነው የምንሠራው። ግን በቅሎ ያስወስዳል።»

ሐውልቱ ተተከለ፣ ጨርቁ ተገለጠ። ደጃዝማች ራሳቸውን ዞረው ዞረው አይተው አልጠግብ አሉ። በቃላቸውም ረግተው የዳማዋን ልጓም ለአምባዬ ሰጡት። እሱም ጊዜ አላጠፋም፤ ወጣባት፣ እግሩን እርካብ አስገባ፣ ፊቷንም ወደ ዳገቱ አዞረ።

ወይዘሮ ሙላቷ ሐውልቱን ተደግፈው ቆመው፣ “አምባዬ፣ እንግዲህ ጨርቁ ተገልጧል፣ አፍህም ተፈቷል። እውነቱን ንገረኝ፤ ባለቤቴን ይመስላል?” አሉት።

አምባዬ በቅሎዋን ኮርኮር አደረጋት፦

«መልኩስ ቁርጥ እሳቸውን እመቤቴ፤ ግን ይኸው እርስዎ አጠገቡ ቆመው አልራደም።»