ወደ ቂብላ የተነጠፈው ግቢ

ታሪኩን የነገሩኝ ሰዎች በከተማዋ ስም ስላልተስማሙ እኔም ያለ ስም ትቻታለሁ። በተራራ ጎን ላይ የተሠራች አሮጌ ከተማ ነበረች። ቤቶቿ አንዱ ካንዱ በታች ስለተደረደሩ የላይኛው ሰው ግቢ የሚያልቀው የታችኛው ሰው ግድግዳ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። በአማናቸው፣ በታማኝነታቸው፣ የተመሰገኑ ናቸው፤ ሰው ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በጠያቂነታቸው ነበር። ጨርቅ ሲገዙ ጥጡ የት አገር እንደበቀለ ይጠይቃሉ፣ ማር ሲቀምሱ ንቡ የትኛው አበባ ላይ እንደዋለ ይጠይቃሉ። "ሐጂ እኮ 'ደህና ነኝ' ያላቸውንም ሰው 'ለምን?' ይሉታል" እያለ ሰፈሩ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ከሐጅ በተመለሱ በዓመቱ ግቢያቸውን ድንጋይ ለማስነጠፍ በልባቸው ነየቱ። መስጊዱ ዳገቱ ላይ ስለሆነ፣ አቅም ያነሳቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች የከሰዓቱን የዐስር ሰላት የሚሰግዱት በሐጂ ግቢ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ምንጣፉን እያለፈ ግንባራቸውን ይቀባው ጀመር። ስለዚህ ጦይብን አስጠሩት።

ጦይብ ድንጋይ ማንጠፍ የሚያውቅ ሰው ነበር። አፈሩን ቆርጦ ያወጣል፣ ጠጠር ይደለድላል፣ እስኪጠና ይጠቀጥቃል፣ በላዩ አሸዋ ያለብሳል። ከዚያ ሲባጎውን ከጥግ እስከ ጥግ ይወጥርና ጥርብ ድንጋዩን በሲባጎው ልክ አንድ በአንድ እያስቀመጠ በመዶሻው እጀታ ይመታዋል። ድምፁን ሰምቶ ከሥሩ ባዶ ያለበትን ያውቃል ይባላል። የንጣፉ ዘንበል ሲባጎውን ይከተላል፤ ሲባጎው ወደ ዞረበት ውሃውም ይሄዳል። ጦይብ የመጀመሪያውን ሲባጎ የወጠረው እንደ ልማዱ ወደ ግቢው በር ነበር፤ ውሃው በበሩ ወጥቶ በመንገዱ ቦይ እንዲወርድ።

ሐጂ መጡና ሲባጎውን አዩት።

"ጦይብ፣ ይህን ወደ ቂብላ አዙርልኝ" አሉት። "ረድፉ ራሱ የሰጋጅ መቆሚያ ሶፍ ይሁነን። ሽማግሌ ዓይኑ ቢደክም እንኳ እግሩን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ አድርጎ ይቆማል።"

ሰጋጆች ወደ መካው የአላህ ቤት በሚዞሩበት በዚያ በኩል ያለው የእሜት ሸምሲያ ግድግዳ ነው። እሜት ሸምሲያ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ጎረቤት ናቸው፤ ቤታቸው ከሐጂ ግቢ በታች፣ አባታቸው በጭቃ የሠሩት ነው። ጦይብ ይህን ያውቃል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሐጅ ያደረጉ ትልቅ ሰው "ወደ ቂብላ" ብለው ሳለ "ወደ ቂብላ አይሆንም" ብሎ መመለስ ከበደው። አላህ ያውቃል ብሎ ዋጠውና ሲባጎውን አዞረ። አላህማ ያውቃል፤ የማያውቁት ሐጂ ነበሩ።

ንጣፉ አልቆ ክረምቱ ሲገባ ግቢው ጉድ አሰኘ። ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ይደርቃል። የሌላው ሰው ግቢ ኩሬ ሠርቶ ሲውል ሐጂ ዘንድ እግር የሚያርስ ጠብታ አይገኝም። ወሬው ከሰፈር ሰፈር ዞረ። "ውሃ እንኳ የሰጋጆቹን ቦታ ያከብራል" ተባለ፤ አንዷማ ከድንጋዩ መሃል አሸዋ ቆንጥራ ለታመመ ልጇ ወሰደች። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

ሰው ሁሉ ሲደነቅ እሳቸው ብቻ ግራ ገባቸው። አንድ ቀን ጦይብ በድንጋዮቹ መሃል የበቀለውን ሣር ሊነቅልና አሸዋ ሊሞላ መጥቶ ሳለ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

"ጦይብ፣ ይሄ ውሃ ሲመጣ አየዋለሁ፤ ሲሄድ አላየሁትም። ወዴት ነው የሚገባው?"

"መሬት ትጠጣዋለች ሐጂ" አለ ጦይብ፣ ቀና ሳይል።

"ሱብሐነላህ! እንዴት የጠማት መሬት ናት" አሉና ተነሱ። ጦይብ ግን የዚያን ቀን ሥራው አልጣፈጠውም። በእሜት ሸምሲያ በር በኩል ማለፍም ተወና ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ጀመር።

ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ፣ ረመዷን ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ እሜት ሸምሲያ ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ ሐጂ ግቢ ወጡ።

"ሐጂ፣ ቤቴን ልሸጥ ነው" አሉ። "በሸሪዓው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎረቤት ነውና እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።"

ሐጂ ያንን ቦታ ለዓመታት ሲመኙት ኖረዋል። ሰጋጁ በዝቶ ግቢው ጠቦ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠይቀዋቸው እሜት "አባቴ በእጁ ያቦካው ጭቃ ነው፣ ከሱ የሚለየኝ ከፈን ነው" ብለው ነበር የመለሷቸው። አሁን በገዛ እግራቸው መጡ። የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች "አልሐምዱሊላህ፣ ዱዓችን ደረሰ" ተባባሉ። የቤቱን ሁኔታ አይቶ የሚናገር ባለሙያ ያስፈልጋል ተብሎም ጦይብ ተጠራ።

ሐጂ ግን እንደ ልማዳቸው "ለምን?" አሉ።

"ግድግዳው ታመመ ሐጂ። ያልባል። ጥጤ ሻገተ፣ እኔም ወገቤን ያዘኝ። ምን ይደረግ፣ እሱም እንደኔ አርጅቷል። እህቴ ዘንድ ገጠር እወርዳለሁ።"

ሲናገሩ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይፈትል ነበር።

ሐጂ ተነስተው ከእሜት ጋር ቁልቁል ወርደው ግድግዳውን ለማየት ወደ ቤቱ ገቡ። ጦይብም ተከተላቸው። ሐጂ ግድግዳውን ከላይ ዳሰሱት፣ ደረቅ ነው። ከታች ዳሰሱት፣ ጭቃው ከእጃቸው ጋር ወጣ።

"ዝናብ የሚመጣው ከላይ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ ግን ከሥሩ ነው የረጠበው። ምን ትላለህ ጦይብ?"

ጦይብ "የቆየ ጭቃ..." ብሎ ጀመረ።

ሐጂ መልሱን አልጠበቁም። እሜትን እዚያው ተዋቸውና ወደ ግቢያቸው ተመልሰው ከሰላት በፊት የሚታጠቡበትን የዉዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አነሱ፤ በሩ አጠገብ ቆመው ድንጋዩ ላይ አፈሰሱ። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል መንገድ ይዞ ወረደ። ሐጂ ጎንበስ ብለው ቀለበት እንደጠፋበት ሰው ተከተሉት። ሶፉን አንድ በአንድ አልፎ፣ ኢማሙ በሚቆሙበት በኩል ሄዶ፣ ከግድግዳው ሥር ጠፋ። አንድ እንስራ አስመጡ፣ እሱንም ገለበጡ። ሌላ አስደገሙ። 'ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ' የሚለውን ተረት ሐጂ ሲፈጽሙት ግን ውሃውም ከሥሩ ሆነ። ሦስተኛው እንስራ ሳያልቅ ከታች የእሜት ሸምሲያ ድምፅ ተሰማ።

"ሐጂ! ኧረ ገባ! ውሃው ቤቴ ገባ!"

አንዱ ሽማግሌ ወደ ሐጂ ጠጋ አሉና፣ "ሐጂ፣ ለመሸጥ የመጡት ወደው ነው፣ እርስዎም ፈላጊ ነዎት። በሐላል ገዝተው ለሰጋጁ ቢያሰፉት አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ ያገኙበታል እንጂ ምን አለበት?" አሉ።

"ሻጯ እሳቸው ናቸው" አሉ ሐጂ፤ "ያስሸጣቸው ግን የኔ ውሃ ነው። በዚህ ላይ እንዴት ብዬ ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ልውረድ?"

ጦይብ ከዚህ በላይ አልቻለም። "ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ። ሲባጎውን ያዞርን ዕለት አውቄው ነበር" አለ።

ሐጂ ዞረው አዩት። "አውቀህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ወደ ቂብላ ካሉኝ በኋላ ምን አፍ አለኝ?"

ሽማግሌዎቹ ጦይብን ሊቆጡት ተነሱ። ሐጂ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ፊታቸው ግድግዳውን ሲዳስሱ ካዘነው በላይ አዘነ። "እሱን ተዉት" አሉ። "በአላህ ቤት ስም አፉን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። አስታግፊሩላህ።"

ወዲያው የጦይብን መቆፈሪያ ተቀብለው የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሳቸው ፈነቀሉ። ሰው "ረመዷን ደርሷል፣ ዒድ ይለፍና ይፈርሳል" ቢላቸው፣ "ዝናቡ ዒድ እስኪያልፍ ይጠብቃል?" ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። በስድስት ቀን ግቢው ተገለበጠ። ጦይብ በእሜት በኩል ያለውን አሸዋ ከፍ አድርጎ ዘንበሉን ወደ በሩ መለሰው። ከድንጋዩ ምርጥ ምርጡን ይዞ ወርዶ የእሜት ግድግዳ መሠረት አደረገው፤ ጭቃውንም ሐጂና ሽማግሌዎቹ እያቀበሉት አዲስ ለሰነው። ድንጋዩ ለሁለቱም ስላልበቃ የግቢው ግማሽ አፈር ሆኖ ቀረ። የቀረውም ንጣፍ ረድፉ ከሰጋጁ ጋር አልገጠመም፤ ድንጋዩ ወዲህ፣ ሰው ወዲያ።

እሜት ሸምሲያ ደረቅ ግድግዳቸውን ዳስሰው አለቀሱ፤ መሸጡም ቀረ። በረመዷን የመጀመሪያ ቀን ለሽማግሌዎቹ ማፍጠሪያ ሾርባ ይዘው ወጡና ሐጂ ሰግደው ሲነሱ፣ ግንባራቸው በጭቃ ተቀብቶ አዩአቸው።

"ሐጂ፣ የሰጋጅ ቦታ አስፈረስኩብዎት" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ሐጂ ግንባራቸውን አልጠረጉም። "እሜት፣ ቂብላው አልተሳሳተም ነበር" አሉ። "ከእኔና ከቂብላው መሃል የእርስዎ ቤት ነበር። እሱን ነው ያላየሁት።"

የሐጂ ቃል ይኸው ነው፤ የቀረው የእኔ ነው። ይህን ታሪክ ሳስብ ከሐጂ ይልቅ በግቢው መድረቅ የተደነቀው ሕዝብ ይገርመኛል። ሁሉም አየ፣ ሁሉም ማሻአላህ አለ፣ ውሃው የት ገባ ያለ ግን አንድ ሰው ነው። የጎረቤት ሐቅ በየጁምዓው ኹጥባ ይነገረናል፤ የምንፈልገው ግን በደሉ ሌባ ሆኖ፣ ተሳዳቢ ሆኖ፣ ድንበር ገፊ ሆኖ እንዲመጣልን ነው። በዒባዳችን፣ በአምልኳችን፣ ዘንበል ቀስ ብሎ ወርዶ የሰው ቤት ሊገባ እንደሚችል አንጠረጥርም። የጦይብ ዝምታም ያሳስበኛል። እኛን አክብረው ዝም ያሉ ስንት ጦይቦች በዙሪያችን እንዳሉ አላህ ይወቅ። ስለዚህ ዝናብ አባርቶ ግቢያችሁ ቶሎ ደርቆ ካገኛችሁት አልሐምዱሊላህ በሉ፣ ይገባል። ከዚያ ግን ጫማችሁን አድርጉና ወርዳችሁ የታችኛውን በር አንኳኩ።