የአንጓች ድንጋይ

በድሮ ዘመን፣ የእኔ አያት እንኳ ሳይወለዱ፣ የእናንተ ስንፍና ግን ቀድሞ ተወልዶ ሳለ፣ በዚሁ ቀዬ አንጓች የምትባል ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ለደቦው የተሸከማችሁትን ድንጋይ መንገድ ላይ ጥላችሁ ከተቀመጣችሁ አይቀር፣ ስሙ።

አንጓች ጠንካራ ሴት አልነበረችም። ሰፌድ ትጀምራለች፣ ትተወዋለች። ፈትል ትጀምራለች፣ ትተወዋለች። ባሏ ትቶላት የሞተ አንዲት ማሳ ነበረቻት፤ እሷንም በየክረምቱ ጎርፍ ይቦረቡራታል። የባሏ ወንድም ጓንጉል ማሳዋን ፈለጋት። ሽማግሌዎቹም «ዘንድሮም ጎርፍ ከገባባት ለጓንጉል ትሁን» ብለው ፈረዱ። ምን ዓይነት ፍርድ ነው አትበሉኝ፣ እኔ አልፈረድሁም።

ማሳዋን የሚያድናት ከላይ በኩል የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ድንጋዩ ያለው ደግሞ ታች ገደሉ ውስጥ ነው። ደቦ ጠራች። መንደርተኛው መጣ፣ ንፍሮዋን በላ፣ ጠላዋን ጠጣ፣ ሦስት ድንጋይ አንከባለለና ወገቤን እያለ ሄደ። ተናደደች። አንድ ትልቅ ድንጋይ ራሷ ተሸከመች። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ከበዳትና ጥላው ቤቷ ገባች። በማግስቱ ድንጋዩ እዚያው መንገዱ መሃል ተጎልቷል። አላፊ አግዳሚው «ይሄ የማነው?» ይላል። በራሷ ተቃጠለች። «ከዛሬ ጀምሮ መተው ካማረኝ፣ የያዝሁትን ካደረስሁ በኋላ እተዋለሁ» ብላ ማለች።

ከዚያ በትንንሹ ጀመረች። ወረደች፣ ተሸከመች፣ አደረሰች፣ «ተውሁት» ብላ ቤቷ ሄደች። በማግስቱም ወረደች፣ ተሸከመች፣ አደረሰች፣ «ተውሁት» አለች። ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ትከሻዋ ቆሰለ። ጓንጉል መንገድ ላይ ያገኛታል።

«ዛሬም ተውሽው?»

«አዎ፣ ተውሁት።»

«ታዲያ ነገ ምን ልትሠሪ ነው የምትመጪው?»

«ልተወው ነዋ።»

ሰውየው ይስቃል። በሰኔ ግን ካቡ ወገቧ ድረስ ደረሰ፣ የምትሸከመውም ድንጋይ ከወር ወር ትልቅ ሆነ። ያኔ ሳቁ ቀረ።

ሐምሌ ላይ በቀትር ዶፍ ወረደ። ጎርፉ ካቡን ገጨው፣ ካቡም ቆመ። ጥጉ ላይ ግን አንድ ቦታ ተሸነቆረ። ትንሽ ድንጋይ ብትጥልበት ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ያ የመጀመሪያው ድንጋይ ትዝ አላት። ከመንገድ ያነሣው አልነበረም፤ ማን ያነሣዋል፣ ሁሉም እንደ እናንተ ዞሮት ነው የሚያልፈው። ወረደች። ተሸከመችው። ጭቃው ላይ በጉልበቷ ወደቀች። እጇ ሊለቅ ሲል «ላድርስህና እተውሃለሁ» አለችው። ተነሣች። መሬቱን ሊረከብ የመጣው ጓንጉል ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ያያል። ሽንቁሩን በድንጋዩ ወተፈችው፣ ውሃውም ወደ ገደሉ ዞረ። ጭቃው ላይ ተቀምጣ «ተውሁት» አለችና አለቀሰች። ማሳዋ የእሷ ሆና ቀረች።

ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ደቦ ላይ፣ ሸክም በትከሻው ይዞ «ደከመኝ» የሚል የለም። ካብ ላይ ያኖርና «ተውሁት» ይላል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ይወርዳል። ልማዱ ይሄ ነው። ነበር ልበል እንጂ፣ ይኸው እናንተ አቀበቱ አጋማሽ ላይ ተጎልታችሁ ጨዋታ አስጀመራችሁኝ። ጨዋታው አለቀ። ተነሡ። አድርሱና ተዉት።