ባላዎቹ በአንድ ጠዋት የተነቀሉበት ቤት

አንድ ሰው ነበረ። ቤት፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ሰው ማመን ግን አልፈጠረበትም።

ቆይ ትርንጎ፣ አታቋርጪኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ የድባቴውን መድኃኒት ከተውኩት ዘጠኝ ቀኔ ነው። ኤሌክትሪክ እንደነካኝ ጭንቅላቴን ይነዝረኛል፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። በሽታዬ ተመልሶ ነው ወይስ ሐኪሙ ሆን ብሎ ሱስ አስይዞኝ ነው?» ነው ያልሽኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ አንቺ ዛሬ የምታስተምሪበት ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ነው የምመልስልሽ። እንዲህ በጎሪጥ አትዪኝ ደግሞ! ማንም አልላከኝም። እንዲያውም አንቺ ነሽ ቤቴ ድረስ የመጣሽው።

ያ ሰውዬ ገበሬ ነው። ቤቱ ከተዳፋት ሥር የተሠራ የድንጋይ ቤት ነበር። አንድ ክረምት ዝናቡ ከልክ አለፈና ከላይ የወረደው ጎርፍ የጓሮውን ግድግዳ መሠረት ቦረቦረው። ግድግዳው ሆዱ ተነፋ። ልጆቹ የሚተኙት ደግሞ በዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ሰውየው እህል አልበላ አለው፣ ሥራ አስጠላው፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ይውላል። በመጨረሻ ሚስቱ ከወንዝ ማዶ አንድ ግንበኛ አስጠራች።

ግንበኛው ዝምተኛ ነው። ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር ቆርቆር አደረገ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስድስት ወፋፍራም ባላ ቆርጦ ግድግዳውን ከውጭ ደገፈውና የተቦረቦረውን መሠረት በድንጋይ ሞላው። «አፈሩ እስኪረጋ ባላዎቹን እንዳትነካ። እየመጣሁ አያለሁ» ብሎ ሄደ። በቃ። እስከ መቼ እንደሚቆዩ አልተናገረም። እንዴት እንደሚነሱም አልተናገረም። ሰውዬው ሥራ ያውቃል፣ ማስረዳት ግን አያውቅም። ይህ ጥፋቱ ነው፣ አልሸፍንለትም።

ገበሬው መጀመሪያ ላይ ግንበኛውን ሲመርቅ ከረመ። ልጆቹ ተኙ፣ እሱም እህል በላ፣ ማረስ ጀመረ። ዓመት አለፈ። ሲመቸው ጊዜ ማሰብ ጀመረ።

«እኔ ያለኝ ቤት ነው ወይስ ስድስት እንጨት?» ይላል። ግድግዳዬ ዳነ ብሎ እንዳይደሰት ባላዎቹ አሉ። አልዳነም ብሎ እንዳያዝን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን እዚሁ ቁጭ ብለሽ በሳቅ ስትፈርሺ ቆየሽና ድንገት ኮስተር ብለሽ፣ «አሁን የሳቅኩት እኔ ነኝ ወይስ ኪኒኑ?» አልሽኝ። ያን ቀን አንጀቴን ነው የበላሽው።

ጎረቤትም አለ። ጎረቤት መቼ ይጠፋል! በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ዛሬም በከዘራ ነው እንዴ ቤትህ?» ይለዋል። ሌላ ቀን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ያ ሰውዬ የተከለው ባላ ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ? አንዴ ከተከለ ተከለ ነው። ይኸው ደጅህን እንደፈለገ ይረግጣል፣ ነገ ደግሞ...» አለውና ሳይጨርስ ሄደ። ጦሱ ሳይጨርስ መሄዱ ነው። የቀረውን ገበሬው ራሱ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲያ ግንበኛው በመጣ ቁጥር የገበሬው ዓይን እጁ ላይ ነው። ለምን ይቆረቁራል? ምንድን ነው የሚሰማው? ሰምቶስ ለምን አይነግረኝም? ሚስቱ ለግንበኛው ጠላ ስትቀዳለት፣ «ለዚህ ሰውዬ ይህን ያህል ሽር ጉድ ማለት ምን የሚሉት ነው?» ብሎ እሷንም ጠረጠረ። ባላዎቹንም ጠረጠረ። አንድ ቀን ሲቆጥራቸው ሰባት የሆኑ መሰለው፤ እንደገና ቆጠረ፣ ስድስት ናቸው። ወይ ጉድ! እንጨት ይወልዳል ብሎ የጠረጠረ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በገበያ ቀን ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወጣች። ገበሬው መዶሻ አነሳ። ስድስቱንም ባላ በአንድ ጠዋት እየመታ ጣላቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየ። ግድግዳው ቆሟል! ፎከረ ልበልሽ፣ ዘለለ ልበልሽ! ሚስቱ ስትመለስ፣ «ይኸው! ዓመት ሙሉ ሲያታልለን ነበር፤ ቤቴ ምንም የለበትም» አላት። እሷ ግን የልጆቹን መኝታ አንስታ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ አዛወረች።

ሦስት ቀን ሰላም ነበር። በአራተኛው ቀን ቤቱ መጮህ ጀመረ። ፀሐይ ጠንከር ስትል የጣሪያው እንጨት ይንቋቋል። ከግድግዳው አፈር እየረገፈ ወጥ ውስጥ ይገባል። በሩ አልዘጋ አለ። በስምንተኛው ቀን የጓሮው ግድግዳ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ሚስቱ ልጆቿን ሰብስባ ወንድሟ ቤት ሄደች፤ ስትወጣ «ግንበኛውን አስጠራዋለሁ፤ አንተም ና፣ እዚህ ብቻህን አትቀመጥ» አለችው። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነው።

«ተመካክረዋል» አለ። «ወይ ግድግዳው ድሮም አልዳነም፣ ዋሽቶኛል። ወይ ያበላሹት እነዚያ ባላዎች ናቸው። ወይ ደግሞ እኔ ሳላየው አንዳች ነገር አላልቶብኛል።» ይህን እያለ ብቻውን ሲንጎራደድ ሦስት ቀን ዋለ። አልበላም፣ አልታጠበም። ሰው ሲመጣ ከውስጥ ሆኖ «የለሁም» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሐሳብ መጣበት። «በራሱ ጊዜ ልጆቼ ላይ ከሚወድቅ፣ እኔው በገዛ እጄ ላፍርሰውና ሁሉም ይረፍ» አለ። ዶማውን አነሳ።

እዚህ ጋ ስደርስ ልቤ ይደነግጣል፣ ትርንጎ። ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ፣ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። መዳን የሚችል ቤት ነበር እኮ! ገና ብዙ ክረምት የሚያሳልፍ ቤት።

ግንበኛው የደረሰው ሰውየው ዶማውን ከራሱ በላይ እንዳነሳ ነው። አልጮኸበትም፣ አልታገለውም። «ጥቂት ታገሰኝ፤ አንድ ነገር ላሳይህ» አለው።

«ምን ልታሳየኝ? ባላህን ልትመልስ ነው የመጣኸው!»

«አዎ፣ ሦስቱን እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን እይ።»

ግንበኛው ጭድ የገባበት ጭቃ ለወሰ። ከዚያ በስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ በአውራ ጣቱ እየደፈጠጠ ለጠፈው። «ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ይህ ጭቃ ለሁለት ይከፈላል። ከተከፈለ ባላዎቹን ሁሉ መልሰን መሠረቱን እንደገና እናያለን። ካልተከፈለ ግን የምትሰማው ጩኸት የመውደቅ ጩኸት አይደለም» አለው።

«የምን ነው ታዲያ?»

ግንበኛው ያን ቀን የመጀመሪያውን ረጅም ንግግሩን ተናገረ። «ይህ ግድግዳ ዓመት ሙሉ ሸክሙን ከስድስት እንጨት ጋር ተካፍሎ ኖረ። አንተ በአንድ ጠዋት ሁሉንም ጫንክበት። አንተስ ብትሆን አትጮህም? እኔ እንደማየው መሠረቱ ይዟል፤ ሸክሙን እየተረከበ ይመስለኛል። ግን የኔንም ግምት አትመን፤ ጭቃውን እይ።» የእጁን ጭቃ እየጠረገ ደግሞ፣ «ጥፋቱ የኔም ነው። ባላዎቹን ስተክል እንዴት እንደሚነሱ ያን ጊዜውኑ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አለ።

ሰውየው ይህን አልጠበቀም። የሚያታልል ሰው ጥፋቴ ነው አይልም ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ፣ «ይህም ዘዴው ቢሆንስ?» ብሎ አሰበ። ምን ታደርጊዋለሽ! ግን ዶማውን አስቀመጠ። ግንበኛውን አምኖ እንዳይመስልሽ፤ ጭቃውን ለማየት ነው።

ሦስቱ ባላዎች ተመለሱ። ሰውየው በቀን አሥር ጊዜ እየሄደ ጭቃውን ያያል። ግንበኛው ተደብቆ እንዳይለውጥበት ብሎ በጥፍሩ ምልክት አድርጎበታል። ጣሪያው እየተንቋቋ፣ አፈሩ እየረገፈ፣ ጭቃው ሳይከፈል ሰነበተ። ከዚያ ጩኸቱ እየቀነሰ ሄደ። ያኔ አንዱን ባላ አነሱ። አሁን መዶሻ የለም፤ ከሥሩ የተወሸቀውን ቀጭን እንጨት፣ ሽብልቁን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳቡ ነው። ቤቱ አንድ ሳምንት ጮኸ፣ ጭቃው ያዘ፣ ጩኸቱ ቀረ። ሁለተኛውን ሲያነሱ ግን አንዱ ጭቃ ለሁለት ተከፈለ። ሰውየው «አላልኩም!» ብሎ ዘለለ። ግንበኛው ባላውን መልሶ ተከለና «ክረምቱ ይለፍ» አለ። ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተቆጣም። ክረምቱ ሲያልፍ እንደገና ሞከሩት፣ ያዘ። የመጨረሻውማ ከሁሉም የከፋ ቀርፋፋ ነበር፤ ሽብልቁ መሳቡ ለዓይን እንኳን አይታይም። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ የተመለሰችው ግን ያ ሁሉ ሳያልቅ ነው። «ባላ ኖረው አልኖረው ቤቴ ነው» ብላ ገባች።

ያው ግንበኛ የደገፈው ሌላ ቤት ደግሞ አለ፤ ባላው እስከ ዛሬ አልተነሳም። መሬቱ የሚንሸራተት ነው፣ ምን ይደረግ? እዚያ ቤት ውስጥ ሠርግ ተደግሷል፣ ልጅ ተወልዷል። ደስታው የእንጨቱ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

በይ አሁን ወደ አንቺ። ቤቱ አንቺ ነሽ የምልሽ መስሎሽ ነበር፣ አይደል? አንቺ ሰውዬው ነሽ። ያን ሁሉ ኪኒን በአንድ ጠዋት ሽንት ቤት የደፋሽው ማንንም ሳትጠይቂ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ነጻ ወጣሁ» ብለሽ ደውለሽልኝ ነበር። አሁን መንዘሩ፣ እንባው፣ ቅዠቱ፣ ሰኞ ዕለት ጠመኔ እንደያዝሽ አዙሮሽ ጠረጴዛ ይዘሽ የቆምሽው፣ ይህ ሁሉ ሸክሙን የሚረከብ ቤት ጩኸት ሊሆን ይችላል። በሽታውም ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንቺም እንዲህ ፈርተሽ ሳለ አታውቂውም። ስለዚህ ጭቃ ይለጠፍበት። በየትኛው ቀን ምን እንደተሰማሽ ጻፊና ለሐኪሙ አሳዪው። ኪኒኑ ይመለስ ካለ ይመለስ፤ ከዚያ መቆም ካለበት እሱ እያየ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይቆማል።

«አላምነውም» ነው ያልሽው? አትመኚዋ! ማን እመኚው አለሽ? ፊት ለፊቱ ተቀመጪና ዓይኑን እያየሽ፣ «ስታስጀምረኝ እንዴት እንደማቆም ለምን አልነገርከኝም?» በይው። ደህና ሐኪም ከሆነ ያፍራል፣ ቁጭ ብሎም ያስረዳሻል። ቢቆጣሽ ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን።

አሁን እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ዶማውን አንስተሻል ወይ? በግልጽ ነው የምጠይቅሽ ልጄ፤ ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ መጥቶብሻል?

እሺ። እሺ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ። አልቆጣሽም። እንኳን ነገርሽኝ። ብቻሽን ተቀምጠሽ ግን ከእንግዲህ አንድ ሰዓት እንኳን አታሳልፊም፤ ዛሬ የምታድሪውም እዚሁ እኛ ቤት ነው። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ሐኪሙ ጋ የምንሄደው ነገ አይደለም፣ አሁን ነው። አንቺ ስትገቢ እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ግቢ ካልሽኝም አብሬሽ እገባለሁ።