የገመሮ የሰም ክራንቻ

ትንንሾቹም ትልልቆቹም ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው አፍ አውጥቶ በሚነጋገርበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አንድ ገደላማ አገር የዝንጀሮ መንጋ ይኖር ነበር። የመንጋው አለቃ ገመሮ ይባላል። ጎፈሩ ሰፊ፣ ደረቱ ሙሉ፣ ኩራቱ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ነበር።

ገመሮን አለቃ ያደረገው ግን ጎፈሩ አልነበረም፤ ክራንቻዎቹ ናቸው። ማለዳ ማለዳ ቋጥኝ ላይ ይወጣና አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ያዛጋል። ሁለቱ ረጃጅም ክራንቻዎች ብልጭ ሲሉ፣ ከገደሉ ማዶ አድፍጦ የሚጠብቀው ነብር ያያቸዋል። «ዛሬም አሉ» ይልና ጅራቱን እየጎተተ ይሄዳል። መንጋውም ሥር ሲምስ፣ ፍሬ ሲለቅም በሰላም ይውላል።

የመንጋው እናቶች ከበሉ በኋላ ከወይራ ዛፍ መፋቂያ እየሰበሩ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፤ ልጆቻቸውንም ያስፍቃሉ። የገመሮ ሚስት እመት ሸጊትም አንዱን ለባሏ ታቀብለዋለች።

«እንካ፣ ጥርስህን ፋቅ።»

«ነገ እፍቃለሁ» ይላታል። «ነገ መች ይጠፋል?»

ነገ ሲመጣም መልሱ ያው ነው።

ገመሮ አንድ ምሥጢር ነበረው። በአንድ ትልቅ ዋርካ ግንድ ውስጥ ማር አግኝቷል። ሌላ እንዳይደርስበት፣ «እዚያ ዋርካ ላይ ጋኔን ሰፍሯል። እንዳትጠጉት፤ እኔ ራሴ ሄጄ አባርረዋለሁ» ብሎ መንጋውን አስፈራርቷል። አመሻሽ ላይ «ጋኔኑን ላባርር» እያለ ይሄዳል፣ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ማሩን ይልሳል፣ ጢሙን ጠርጎ ይመለሳል። ጣዕሙ እንዳይጠፋበት ስለሚሳሳ አፉን በውሃ እንኳ ሳይጉመጠመጥ፣ ጣፋጩን በጥርሱ እንደያዘ ይተኛል።

ውሎ አድሮ ድዱ አበጠ። ፍሬ ሲገምጥ ፍሬው ላይ ደም ይቀራል። ቀጥሎ አፉ መሽተት ጀመረ፤ ቅማሉን የሚለቅሙለት እህቶቹም ፊታቸውን አዙረው፣ በዳበሳ ይለቅሙለት ጀመር።

«እንካ መፋቂያህን» አለችው ሸጊት።

«ነገ እፍቃለሁ። ነገ መች ይጠፋል?»

አንድ ቀን ግን አንደኛው ክራንቻው ጠዘጠዘው። ማንም ሳያየው ተደብቆ የአውሬውን ሁሉ ጥርስ ወደምታክመው ወደ እመት ጃርት ሄደ።

«ተንጋለልና አፍህን ክፈት፣ አያ ገመሮ» አለችው። ከጀርባዋ አንድ እሾህ መዝዛ ጥርሶቹን በቀስታ ነካካቻቸው። «ክራንቻህ ሥር ጉድጓድ አለ፤ ገና ትንሽ ነው። ዛሬውኑ ጠርጌ ልድፈነው። ድድህ ላይ የተጋገረውንም ቆሻሻ ልፋቅልህ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ መፋቅ ያንተ ሥራ ነው። ደግሞ ማር ማር ትሸታለህ፤ እሱን ቀንስ።»

«ያማል?»

«ትንሽ ያማል። ከዘገየህ ግን ብዙ ያማል።»

ገመሮ አሰበ። አለቃ እንደ ሕፃን ተንጋሎ፣ ለጃርት አፉን ከፍቶ መንጋው ቢያየው ምን ይለዋል? ብድግ አለና፣ «ነገ እመጣለሁ» አላት። «ነገ መች ይጠፋል?»

ሲመለስ ነጋዴዎች ባለፉበት መንገድ ላይ የወደቀ ቅርንፉድ አገኘ። አንስቶ ጥርሱ ላይ ነክሶ ቢይዘው ሕመሙ ጸጥ አለ። «ዳንኩ» አለ ገመሮ። ሕመሙ ግን ተኛ እንጂ አልሞተም፤ ጉድጓዱ ከሥር ከሥር እየሰፋ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጠንካራ ፍሬ ሲሰብር አፉ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማ። የተሰበረው ፍሬው አልነበረም። ክራንቻው ከወገቡ ተቆርጦ መዳፉ ላይ ወደቀ።

ገመሮ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አየው። ነብርን ፈርቶ አያውቅም ነበር፤ ነብሩ ስለሚፈራው ነው። አሁን ግን አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ገደሉ ማዶ ሰረቅ አድርጎ አየ። ለሸጊት ልንገራት ብሎ ተነሣ፣ አፍሮ ተቀመጠ። በመጨረሻ ወደ ዋርካው ሮጠ፣ ከማሩ ላይ ሰም ገምሶ በመዳፉ አሸው፣ አሹሎ ክራንቻ አስመሰለው፣ ከስባሪው ላይ ለጠፈው። ጥርሱን ኩሬ ውስጥ ሲያየው ከቀድሞው ያማረ መሰለው።

በማግስቱ ጥላ ሥር ቆሞ አዛጋ። ነብሩም «ዛሬም አሉ» ብሎ ሄደ። ተንኮሉ ሠራ። መንጋጋው ግን ያብጥ ጀመር፤ መብላትም መተኛትም አቃተው። ገመሮ ያመዋል፣ ያዛጋል፤ ያዛጋል፣ ያመዋል።

ነብሩ ደግሞ ሞኝ አይደለም። «ይህ ዝንጀሮ ፀሐይ የሚወድ ነበር፤ ምነው ከጥላ አልወጣ አለ?» ብሎ አንድ ቀን ገደሉን ተሻግሮ በእኩለ ቀን መጣ። መንጋው ጮኸ። ሁሉም አለቃቸውን አዩት። ገመሮ የሚገባበት ቢያጣ ፀሐይ የሚያቃጥለው ቋጥኝ ላይ ወጣ፣ አፉንም ከፈተ።

ሰሙ ሞቀው። መጀመሪያ አብረቀረቀ፣ ቀጥሎ ለሰለሰ፣ ከዚያም እንደ ፍየል ጆሮ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

ነብሩ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አየው። «አያ ገመሮ፣ ጥርስህ እየጎበጠ ነው» አለው።

«ለአንተ እጅ እየነሣ ነው፣ አያ ነብሮ» አለ ገመሮ፣ አፉን ላለመግጠም እየታገለ።

በዚህ መሐል ክራንቻው ጠብ ብሎ ጢሙ ላይ ተለጠፈ። ነብሩ ሊዘል አደባ። ገመሮ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ሸጊት ቋጥኙ ላይ ዘላ ወጥታ ከጎኑ ቆመችና በየዕለቱ የፋቀችውን ጥርሷን ገለጠች። እህቶቿ ተከተሉ፤ አሮጊቶቹ ተከተሉ፤ ቋጥኙ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጥርስ ብቻ ሆነ። የአንድ ዝንጀሮ ክራንቻ ፈርቶ የኖረው ነብር ያን ሁሉ ሲያይ ወደ ኋላው አፈገፈገ። «ምሳዬን ሌላ አገር ብፈልግ ይሻላል» ብሎ ገደሉን ተሻግሮ ሄደ።

ሸጊት ወደ ባሏ ዞረች። ከጢሙ ላይ የተለጠፈውን አንሥታ አሸተተችው።

«ይህ ሰም ነው። ሰም ያለ ማር አይገኝም። ማሩ የት ነው?»

«ጋኔኑ...» ብሎ ጀመረ ገመሮ።

«ጋኔኑ ማር ይሠራል እንዴ?»

መንጋው በሳቅ ፈረሰ። ገመሮ ግን እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ሸጊት፣ አሞኛል» አላት። ለብዙ ጊዜ የተናገረው እውነተኛ ነገር ይህ ብቻ ነበር። እሷም ልትቆጣው የከፈተችውን አፏን ዘጋች፣ እጁን ያዘችና መንጋው እያየ ወደ እመት ጃርት ወሰደችው።

«ያኔ መድፈን ይበቃው ነበር» አለች ጃርት። «አሁን ሥሩ በስብሷል፤ መነቀል አለበት።» ከአንጥረኛ ደጅ ያገኘችውን ጉጠት አወጣች። ሸጊት እጁን ጨብጣ ያዘችው፤ ጃርትም አንዴ አወዛውዛ ነቀለችው። ቁስሉ ሲጠግ አፉን በጨው ውሃ አስጉመጠመጠችው፣ ሌሎቹን ትንንሽ ጉድጓዶች በሙጫ ደፈነችለት፣ ድዱ ላይ የተጋገረውንም ፍቃ አነሣችለት። «የቀሩት ጥርሶችህ ደህና ናቸው» አለችው። «ከፋቅሃቸው እስክታረጅ ያገለግሉሃል።»

እብጠቱ ጎደለ፤ ገመሮም ጠግቦ በላ፣ ጠግቦ ተኛ። አለቅነቱ ለሸጊት ሆነ። ማሩን መንጋው ሁሉ ተካፈለው፤ ልሰው ሲጨርሱ ወንዝ ወርደው ተጉመጠመጡ። ገመሮም በራሱ ፈቃድ መፋቂያ ቆራጭ ሆነ። ልጆቹን ሰብስቦ አፉን ይከፍትና ባዶውን ቦታ ያሳያቸዋል፤ እነሱም እየሳቁ መፋቂያ ይሻማሉ፤ እሱም አፉን ሳይሸፍን አብሯቸው ይስቃል።

ወሬው ከገደል ገደል ዞሮ ሰው ጆሮ ደረሰ፤ ሰውም እንዲህ ብሎ ተረተበት፦ ለመፋቂያ የሰነፈ፣ ለጉጠት ተሰለፈ።