የጎደለው አስር ዙር

አንድ ሰፊ ሜዳ ነበረ። ከሜዳው ወዲህ የናስ ከተማ፣ ከሜዳው ወዲያ የቆርቆሮ ከተማ ተቀምጠው ይተያያሉ። የሁለቱም ከተሞች ነዋሪዎች ሮቦቶች ነበሩ። ሮቦት ቢሆኑም ይጋባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ጎረቤት አዲስ ዕቃ ሲያስገባ በመስኮት አጮልቀው ያያሉ።

እነዚህ ሮቦቶች እንደ ድሮ ሰዓት በቁልፍ የሚሞሉ ናቸው። በደረታቸው ውስጥ የተጠቀለለ ብረት አለ። ቁልፉ ሲዞር ብረቱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሲላላ ያራምዳቸዋል፣ ያናግራቸዋል። የቁልፉ ቀዳዳ ግን ጀርባቸው ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሀል ነው። የራስ እጅ አይደርስበትም። ስለዚህ ባል ሚስቱን ይሞላል፣ እህት እህቷን ትሞላለች። ብቻውን የሚኖር ሮቦት አልነበረም፤ ልኑር ቢልም አይችልም።

በሜዳው መሀል የዘይት ምንጭ ይፈልቃል። ሮቦት ያለ ዘይት መገጣጠሚያው ይደርቃል። ሁለቱ ከተሞች በዚህ ምንጭ ብዙ ዘመን ተዋግተው በመጨረሻ አያቶቻቸው ተስማሙ። በየዓመቱ ከየከተማው አንድ ሯጭ ይወጣል። ያሸነፈው ከተማ ዓመቱን ሙሉ ቀድሞ ይቀዳል፤ የተሸነፈው የተረፈውን ይቀዳል። አያቶቹ አንድ ነገር ጨመሩበት። በውድድሩ ቀን ሯጩን የሚሞላው የራሱ ወገን ሳይሆን ተፎካካሪው ነው። አንዱ ለሌላው አርባ ዙር ያዞራል፣ ሕዝቡም ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ለምን እንዲህ እንዳደረጉት የሚያስታውስ አልቀረም። ልማድ ነው ተብሎ ይደረጋል፤ አለቀ።

የናስ ከተማ ሯጭ እንዝርት ትባላለች። የቆርቆሮ ከተማዋ ደግሞ መርፌ።

መርፌ ስድስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። እንዝርት ስድስት ዓመት ሁለተኛ ወጥታለች። ሁለት ብቻ በሚሮጡበት ውድድር ሁለተኛ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እንዝርት ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ላይ ትወጣና መርፌ ስትለማመድ ታያለች። መጀመሪያ የወጣችው ሩጫ ልማር ብላ ነበር። ቆየት ሲል ግን ሩጫውን ትታ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመረች። መርፌ እንዴት እንደምትስቅ፣ የሰፈሯ ሴቶች እንዴት ከብበው እንደሚወለውሏት፣ ባሸነፈች ቁጥር የሚታሰርላት ሰማያዊ ጨርቅ አንገቷ ላይ እንዴት እንደሚውለበለብ። የመርፌ ግራ ጉልበት ሲታጠፍ ትንሽ ወደ ውጭ እንደሚል እንኳ ከመርፌ ቤተሰቦች በፊት ያወቀችው እንዝርት ናት። የሚወድ ዓይንና የሚቀና ዓይን በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ካረፉበት አይነቀሉም።

"ቆርቆሮ እኮ ናት" ትላለች ለራሷ። "ዝናብ ሲመታት እንደ ኩሽና ጣሪያ የምትንጫጫ! እኔ ናስ ሆኜ!" እንዲህ ስትል ትንሽ ቀለል ይላታል። ከዚያ የመርፌን ሳቅ ትሰማና ይብስባታል።

አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣባታል። "ስትሞላኝ ሳታጎድልብኝ አትቀርም። አለዚያ እንዴት ስድስት ዓመት ሙሉ?" ማስረጃ አልነበራትም። ቅናት ግን ማስረጃ አይጠይቅም። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የናስ ከተማ ንጉሥ ጉልላት አስጠራት።

"ስድስት ዓመት የተረፈ ዘይት ተቀባን" አለ ንጉሡ። "የሕዝቤ ጉልበት እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ስድስት ዓመት የመርፌን ጀርባ አሳየሽን። ዘንድሮ ፊቷን ማየት አማረኝ።"

"ንጉሥ ሆይ፣ ያለኝን ሁሉ እሮጣለሁ።"

"ያለሽን እንኳ ስድስት ጊዜ አይተነዋል። ስሚኝ። ካሸነፍሽ በሰላም እንቀዳለን። ከተሸነፍሽ ግን መድፉ ይሮጥልናል። እነዚያም መድፋቸውን ወደ ሜዳው አውጥተዋል፤ ከግንቡ ላይ አይተሻል። እንግዲህ ማን እንደሚቀድም እናያለን።"

እንዝርት እጅ ነስታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ስለ መድፉ ማሰብ ነበረባት። ስለሚፈርሱት ቤቶች፣ ቀልጠው ስለሚቀሩት ጎረቤቶቿ ማሰብ ነበረባት። እሷ ግን የታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለመርፌ ሰባተኛው ሰማያዊ ጨርቅ ሲታሰርላት።

ቀኑ ደረሰ። የናስ ሕዝብ በአንድ ወገን፣ የቆርቆሮ ሕዝብ በሌላው ወገን ሜዳውን ሞላው። ከየሕዝቡ ኋላ መድፎች ተደርድረዋል፤ መድፈኞቹም የሚነድ ችቦ ይዘው ቆመዋል።

"ባዶ ቆርቆሮ! ጩኸት ብቻ!" አሉ ናሶቹ።

"ናስዬ፣ ካልወለወሉሽ አታምሪ!" አሉ ቆርቆሮዎቹ።

ሩጫው ከምንጩ ይነሳል፤ ከሜዳው ጫፍ ያለውን ነጭ ድንጋይ ዞሮ ምንጩ ላይ ያልቃል። በቅድሚያ እንዝርትን ለመሙላት መርፌ ከኋላዋ ቆመች።

"እንዴት ከረምሽ እንዝርት? ውይ፣ ትከሻሽ ደርቋል። ዘይቱ አነሳችሁ እንዴ?"

መርፌ አዝና ነበር የጠየቀችው። እንዝርት ግን እንደ ስድብ ሰማችው። ሕዝቡ እስከ አርባ ቆጠረ። ከዚያ ተራው የእንዝርት ሆነ።

ቁልፍ ሲዞር በየዙሩ እጅ ይቀየራል። እጅ ሲቀየር ቁልፉ ጠበቅ ተደርጎ ካልተያዘ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከሩቅ ለሚያይ ሙሉ ዙር ይመስላል። ነገሩን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቁልፉን የምታዞረዋና ቁልፉ የሚዞርባት።

"አንድ!" አለ ሕዝቡ። እንዝርት እጇን ስትቀይር አውራ ጣቷን ላላ አደረገች። "ሁለት!" አሁንም ላላ አደረገች።

አስር ላይ ሲደርስ የመርፌ ትከሻ ነቃ አለ። ዞር ብላ አየቻት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። መርፌ ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው ዓይኗ ከእንዝርት ትከሻ በላይ አልፎ ናሶቹ በያዙት ችቦ ላይ አረፈ። ቀጥሎ የራሷን ወገን ችቦ አየች። አፏን ገጥማ ፊቷን መለሰች።

"አርባ!" አለ ሕዝቡ። በመርፌ ደረት ውስጥ ያለው ግን ሠላሳ ነበር።

ሩጫው ተጀመረ። እንደ ወትሮው መርፌ ቀደመች። ነጩን ድንጋይ ዞራ ስትመለስም እሷው ነበረች። የመልሱ መንገድ ሲጋመስ ግን እግሯ ከበደ። እንዝርት በአጠገቧ አልፋት ሄደች። ስድስት ዓመት ያለመችው ይህንን ነበር።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ከፊቷ ማንም የለም። እስከዛሬ የሮጠችው ያን ሰማያዊ ጨርቅ እያየች ነበር፤ አሁን ባዶ ሜዳ ብቻ ሲሆን እግሯ ምን ያህል መፍጠን እንዳለበት ጠፋው። ዝግ አለች። ዝግ ስትል ደግሞ የገዛ ደረቷን አዳመጠች። ብረቱ ገና ጥብቅ ነው። እዚህ ቦታ ላይ በየዓመቱ የሚሰማት ያው ጥብቀት ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ጎድሎባት ቢሆን እሷም እንደ መርፌ እዚህ ጋ በከበዳት ነበር። መርፌ አርባውን ሰጥታታለች። ዘንድሮም፣ አምናም፣ ስድስቱንም ዓመት። ያጎደለባት ማንም አልነበረም።

ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። መርፌ ቆማለች። የቆርቆሮ ጦር አዛዥ ሮጦ ደርሶ ጎንበስ ብሎባታል።

"ምን ሆንሽ? ምን አደረጉሽ? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ አስተኩሳለሁ!"

መርፌ ለመናገር ያህል ብቻ ኃይል ቀርቷታል። "ማንም ምንም አላደረገኝም" አለች በቀስታ። "ግራ ጉልበቴ ነው። ከዳኝ።"

ያን ጉልበት ስድስት ዓመት ስታየው የኖረችው እንዝርት ናት። ትንሽ ወደ ውጭ ይላል እንጂ መርፌን አቁሟት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ይህ ውሸት መሆኑን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ለማን ሲባል እንደተዋሸም ያወቀችው እሷ ብቻ።

ምንጩ ቅርብ ነበር። ንጉሡ "ነይ! ነይ!" እያለ እጁን ያወዛውዛል። እንዝርት ቆመች። ወደ ኋላ መመለስም፣ ቁልፍ ማዞርም ከራሷ ብረት ላይ እንደሚቀንስ ታውቃለች። ዞረች።

"ወዴት ነው? ኧረ ይቺ ልጅ አበደች!" አለ ሕዝቡ።

እንዝርት መርፌ ጋ ደርሳ በወገቧ የሰካችውን ቁልፍ በመርፌ ጀርባ ውስጥ ከተተች። "አስር ዙር ይጎድላታል!" ብላ ጮኸች። "ያጎደልኩባት እኔ ነኝ!"

የቆርቆሮው አዛዥ እጁን አነሳ። መድፈኞቹ ችቦውን ወደ መድፉ አስጠጉ። በናስ በኩልም እንዲሁ። ያን ጊዜ መርፌ በደከመ ድምፅ፣ "ጌታው አዛዥ፣ እጅዎን ያውርዱ እንጂ" አለች። "መጀመሪያ ትሙላኝ። እናንተ እስክትዋጉ እዚህ ተገትሬ ልቅር?"

አዛዡ ግራ ገብቶት ቆመ። እንዝርት አዞረች። አውራ ጣቷን አጠበቀች። "ሠላሳ አንድ" አለች ብቻዋን።

"ሠላሳ ሁለት" አለች አንዲት የቆርቆሮ አሮጊት።

በእነዚያ ከተሞች በውድድር ቀን ቁልፍ ሲዞር እያየ ዝም የሚል አልተፈጠረም። ከአያት የወረደ ልማድ ነው፤ አፍ ሳይታዘዝ ይቆጥራል። "ሠላሳ ሦስት!" አሉ ቆርቆሮዎቹ። "ሠላሳ አራት!" አሉ ናሶቹም፣ ሳያስቡት። መድፈኞቹ ቆጠሩ። አዛዡም ቆጠረ። "አርባ!" ሲባል ሜዳው ተናወጠ። መድፈኞቹ ችቦው በእጃቸው ላይ ነዶ ማለቁን ያዩት ያን ጊዜ ነው።

"ሌላ ችቦ አምጡ!" ብሎ ጮኸ ንጉሥ ጉልላት።

"ንጉሥ ሆይ፣ ሩጫው ይጨረስ" አለ የናስ መድፈኞች አለቃ። "ደግሞስ እኛው አጉድለን እኛው ብንተኩስ፣ በምን ዓይናችን ነው?"

ንጉሡ ፊቱን ወደ ሯጮቹ መለሰ።

ሁለቱ ሯጮች ጎን ለጎን ቆሙ።

"ከዚህ?" አለች መርፌ።

"ከዚህ።"

"ኋላ አይቆጭሽም?"

"ይቆጨኛል። ሩጪ!"

ሮጡ። መርፌ በአንድ እርምጃ ቀደመች።

የምንጩን የመጀመሪያ ጣሳ መቅዳት የአሸናፊዋ ወግ ነው። መርፌ ቀዳችና በራሷ ጉልበት ላይ ታፈሰዋለች ሲባል፣ በእንዝርት የደረቀ ትከሻ ላይ ገለበጠችው።

"እንቺ! ለመጪው ዓመት እንዳትሰበሪብኝ" አለቻት እየሳቀች። "ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ነው የምጸልየው። አንቺ ከኋላ ባትነጂኝ እዚህ ማን ያደርሰኝ ነበር?"

በዚያ ዓመት መድፍ አልተተኮሰም። ሜዳው ዳር እንደቆሙ ዝናብ መታቸው፤ ዛጉ።

የእንዝርት ቅናት ለቀቃት ወይ ብትሉ፣ አለቀቃትም። በማግሥቱ ግንቡ ላይ ወጥታ ሰባተኛውን ሰማያዊ ጨርቅ ስታይ ያው የጥንቱ ነገር ደረቷን ወጋት። ወጋት እንጂ ዝም አላሰኛትም።

"አንቺ! ግራ ጉልበትሽ ወደ ውጭ ይላል! አስጠብቂው!" ብላ ጮኸች።

"ውሸቴን እኮ ነበር!" አለች መርፌ ከታች።

"አንቺ ውሸትሽን ነው፤ ጉልበትሽ ግን እውነቱን ነው!"

ወዳጆቼ፣ ቅናት በልባችን ሳንጠራው ይገባል። ውጣ ስላልነውም አይወጣም። ግን የሚቀና ዓይን ወዳጅ ያላየውን ያያል። ባየው ነገር ሌላውን መጣልም፣ ሌላውን ማንሳትም ይቻላል። የጥንቶቹ አያቶችም ቁልፉን በተፎካካሪ እጅ ያስያዙት ይህን አውቀው ይመስለኛል። የሁላችንም ቁልፍ ከጀርባችን ነው፤ ማንም ራሱን አይሞላም። ጦርነትም የሚጀምረው መድፍ ሲተኮስ አይደለም። ማንም ሳያይ አውራ ጣታችንን ላላ ስናደርግ ነው።

እስቲ ዛሬ ራሳችንን እንጠይቅ። በእኔ እጅ ያለው የማን ቁልፍ ነው? አርባውን ሰጠሁት፣ ወይስ ሠላሳ ላይ አቆምኩበት?