ታቦት ያረፈበት አለት

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ ስጨርስ እመልሳለሁ።

አያ ደርበው የደብሩ ደወል ደዋይ ነበሩ። ደወሉ ድንጋይ ነው፤ ሲመቱት ወንዝ ማዶ ይሰማል። ማዶ ያለችው ልጃቸው አንጓች ሴት ልጅ ወለደች። ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ ሰማንያው ደግሞ ወንዙ በሚሞላበት በሐምሌ ዋለ። አያ ደርበው የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሕፃኗ ወደ ደብሩ ትሻገር።

በወንዙ ላይ ድልድይ ተጀምሯል። «ድልድይ ሆይ፣ ሕፃኗን አሻግርልኝ» አሉት።

«ምሰሶው ካልተሸከመኝ አላሻግርም» አለ።

ወደ ምሰሶው ሄዱ። «ድልድዩን ተሸከምልኝ፤ ድልድዩ ሕፃኗን አላሻግር አለ።»

«አለቱ ካልያዘኝ አልሸከምም፤ ይኸው ዘምሜያለሁ።»

አለቱ በጥምቀት ታቦት የሚያርፍበት ነው። ስለዚህ በመዶሻ የነካው የለም። መንደሬው «ታቦት የቻለ ድልድይ ያቅተዋል?» ብሎ ሳይመታ ገነባበት። አሁን የድልድዩ መሐንዲስ ሶስና መዶሻዋን ሰጠቻቸው። አያ ደርበው አማትበው መቱ። «ዱፍ» አለ። ጠርዙ በጣታቸው ተፈረፈረ።

«ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወልዎ ይጮኻል፣ አባባ» አለች ሶስና። «ይሄ ከውስጥ ተበልቷል። ውሃ ከአፈሩ ኮምጣጣ ነገር ይዞ በስንጥቁ ይገባል፤ ቀስ እያለ ድንጋዩን ጭቃ ያደርገዋል።»

«እንደ እኔ ጥርስ በይኛ።»

«ልክ እንደ ጥርስዎ። የተበላው ተቆፍሮ ይወጣል፤ ከሥሩ ጤነኛው አለ። ግን በቆፈርን ቁጥር ጉድጓዱን ውሃ ይሞላብናል።»

«ታቦቱ እያረፈበት እንዴት ተበላ?»

«ታቦቱ በዓመት አንድ ሌሊት ነው የሚያርፍበት፤ ውሃው ግን በየቀኑ።»

አያ ደርበው ወደ ውሃው ሄዱ። «አለቱን ልቀቅ። አለቱ ምሰሶውን አልይዝ አለ፣ ምሰሶው ድልድዩን አልሸከም አለ፣ ድልድዩ ሕፃኗን አላሻግር አለ።»

«ቦዩ በዚህ መራኝ፤ እሱ ካልመለሰኝ አልለቅም።»

ቦዩ ውሃ በአለቱ ሥር አሳልፎ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስድ ነው። «ውሃውን መልስ። ውሃው አለቱን አልለቅ አለ፣ አለቱ ምሰሶውን አልይዝ አለ፣ ምሰሶው ድልድዩን አልሸከም አለ፣ ድልድዩ ሕፃኗን አላሻግር አለ።»

«ዶማው ቀደደኝ፤ እሱ ካልደፈነኝ አልመልስም።»

ዶማው ቤታቸው ጥግ ቆሟል። «ቦዩን ድፈን። ቦዩ ውሃውን አልመልስ አለ፣ ውሃው አለቱን አልለቅ አለ፣ አለቱ ምሰሶውን አልይዝ አለ፣ ምሰሶው ድልድዩን አልሸከም አለ፣ ድልድዩ ሕፃኗን አላሻግር አለ።»

«ያኔ የያዘኝ እጅ ካላነሣኝ አልደፍንም።»

«የማን እጅ?»

ዶማው እጀታውን አዞረላቸው። እጀታው ላይ የአውራ ጣት ቅርጽ ተቦርቡሯል። አያ ደርበው አውራ ጣታቸውን አኖሩበት። ልክ ገባ።

ትዝ አላቸው። የዛሬ አርባ ዓመት ቦዩን የቀደዱት ራሳቸው ናቸው፤ ካህናቱም መርቀዋቸዋል።

«አቤቱ ይቅር በለኝ፤ ለጽድቅ ብዬ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ጸሎቱ በቃ፤ አሁን ቁፋሮ ነው» ብለው ተነሡ።

እጁ ዶማውን አነሣ፣ ዶማው ቦዩን ደፈነ፣ ቦዩ ውሃውን በታች በኩል መለሰ፣ ውሃው አለቱን ለቀቀ። ጉድጓዱ ደረቀ። የዘመመው ምሰሶ ፈረሰ፤ የበሰበሰው ድንጋይ ሦስት ክንድ ያህል ተቆፍሮ ወጣ። አያ ደርበው ወርደው መዶሻውን አሳረፉ። ድንጋዩ ጮኸ። ማዶ አንጓች ሰምታ «አባዬ በዚህ ሰዓት ምን ያስደውለዋል?» አለች።

ምሰሶው በጤነኛው ድንጋይ ላይ እንደገና ተሠራ። ከዚያ አለቱ ምሰሶውን ያዘ፣ ምሰሶው ድልድዩን ተሸከመ፣ ድልድዩም በሰማንያኛው ቀን፣ ወንዙ ከሥር እያጓራ፣ ሕፃኗን አሻገረ።

የዚያን ዕለት ደወሉ ዘገየ፤ ደዋዩ ሕፃን ታቅፈው ድልድዩ ላይ ነበሩና።

ተረቴ ተሻገረች፤ ጆሯችሁንም መለስኩ። እናንተንም በደረቅ እግር ያግባችሁ፣ አሜን።