ለግራዝማች በቁማቸው ያስለቀሰ ወፍጮ

ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ታክሲ ውስጥ አርፌ አልቀመጥም፤ ያገኘሁትን ማስታወቂያ ሁሉ አነባለሁ። ፀጉር ቤቱ «ጥራትና ፍጥነት መለያችን ነው» ይላል። ዳቦ ቤቱም እንደዚሁ። በቀደም የሬሳ ሣጥን መሸጫ በር ላይ «ጥራትና ፍጥነት መለያችን ነው» የሚል አነበብኩና፣ ፍጥነቱ ለማን እንደሆነ ሳስብ ከመውረጃዬ አለፍኩ።

ታላቋ ልጄ ልብስ ስፌት ልትከፍት ነው። በስልክ የሚለቀቀውን ማስታወቂያ በእሷ ስም የሚጽፍላት ልጅ ቀጥራለች። «ስለ ሥራሽ ምን ምን ነገርሽው?» ብላት፣ «እማዬ ደግሞ! እሱ ያውቅበታል» አለችኝ። እኛ አገር ስለ አልቃሽ የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ። ሰው ምሳሌውን ይጥቀሰው እንጂ ከወፍጮ ቤት እንደወጣ አያውቅም። እኔ ከእናቴ እንደሰማሁት ልጻፈው፤ ልጄም ሱቋን ሳትከፍት ታንብበው።

ሾላ ሜዳ በምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ደምመላሽ የሚባል ሰው ነበር። አማቱ ግራዝማች ወልደሰንበት የሞተር ወፍጮ ገዝተው አስተከሉለት። በዚያ አገር የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ እህሉን በአህያ ጭኖ ወንዝ ዳር ወዳለው የውሃ ወፍጮ መውረዱን አልተወም። «የሞተር ዱቄት ጋዝ ጋዝ ይላል» ተባለ። አንዷማ የሞተር ዱቄት የበላ ሰው እሳት አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት ታስጠነቅቅ ነበር።

ወፍጮው ዝም ብሎ ከረመ። በመጨረሻ ግራዝማች እንዲህ ሲሉ ላኩበት፦ «ቅዳሜ ገበያ እመጣለሁ። በራፉ ላይ እህል የያዘ ሰው ካላየሁ፣ ወፍጮውን ነቅዬ ለሌላው አማቼ እሰጠዋለሁ።»

ሌላው አማች ደግሞ ደምመላሽ ስሙ ሲጠራ እንኳ ምግብ የማይወርድለት ሰው ነበር።

ሚስቱ ትርንጎ፣ «ሥራችንን የሚያውቅ የለም፤ በአማረ ቃል ይነገርልን» አለችው። በዚያ አገር ቃል የሚያሳምር ሰው ሲፈለግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጠራው፤ አልቃሽዋ እትዬ የውብዳር። እሷ ሙሾ ስታወርድ የሟች ጠላት ሳይቀር ያለቅሳል። አሠራሯም የታወቀ ነው። ለቅሶ ቤት ስትጠራ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ አትገባም። አስቀድማ ዘመዶቹን ጓሮ ሰብስባ ትጠይቃለች፦ ሟች ምን ይወድ ነበር? በምን ይታማ ነበር? ማንን ረዳ? ከማን ተጣላ? ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ነው የምትገጥመው።

ሐሙስ ዕለት ወፍጮ ቤቱ መጣችና ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«በል ልጄ፣ ንገረኝ። ይህ ወፍጮ ምን ምን ይፈጫል?»

«እትዬ የውብዳር፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። እኔ ልነግርዎት?»

«ሰው ምኑን ነው የሚፈራው?»

«አላዋቂ ነው የሚፈራው። እሱን ይተዉት፤ ብቻ ያሳምሩልኝ።»

«ድንጋዩ የት ነው? ሞተሩስ? እስቲ አስነሣውና ልየው።»

ደምመላሽ ፈራ። ሴትዮዋ የውሃ ወፍጮው ባለቤት ጎረቤት ናት፤ ምሥጢሩን ብታወጣስ? ወደ ሞተሩ የሚወስደውን በር በጀርባው ጋረደና፣ «ግራዝማች ገዝተው የሰጡኝ ነው። ይኸው ይበቃል» አላት።

«ይህማ ለአንድ ስንኝም አይበቃ።»

«ያውቁበታል ብዬ አይደል የጠራሁዎት?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እርስዎ መግጠምዎን ማንም እንዳይሰማ። ከራሱ አፍልቆ ተናገረ እንድባል ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ግጥሙን ዛሬ ስማኝና አጥናው።»

«ለማጥናት ጊዜ የለኝም። እርስዎ በመስኮቱ ውስጥ ይንገሩኝ፤ እኔ በራፉ ላይ ቆሜ እደግመዋለሁ።»

እትዬ የውብዳር ራሷን ነቀነቀች፤ ለማንኛውም እሺ አለች። የሚከፍላት ዱቄት ነው፤ ቤቷ ደግሞ ዱቄት አልነበረም።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ደምመላሽ አዲስ ጋቢውን ለብሶ በራፉ ላይ ሣጥን ገልብጦ ወጣበት። ከጀርባው ያለችው ትንሽ መስኮት በጆንያ ተሸፍናለች። ከጆንያው በስተኋላ እትዬ የውብዳር በዱቄት ቋት አጠገብ ተቀምጣለች። ሰው «ይህ ደግሞ ምን ሊል ነው?» እያለ ተሰበሰበ።

ከመስኮቱ ሹክሹክታ መጣ። ደምመላሽ ተቀብሎ ለቀቀው፦

«ኑ ተሰብሰቡልኝ፣ አገር ጎረቤቱ፣
ምን ቀርቶ ሊነገር፣ ዛሬ ስለ ቤቱ።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

እዚህ ላይ እትዬ የውብዳር የምታውቀው አለቀባት። ስለ ወፍጮው የነገሯት አንድ ነገር የግራዝማች መሆኑ ነው። ሌላው ራሷ ያየችው ነው፤ ዝም ማለቱን። እሱኑ ገጠመችው፦

«የግራዝማች ደጃፍ፣ ያ ሰፊው አዳራሽ፣
ምነው ዝም አለሳ፣ ጠፋበት ወይ መላሽ።»

«ውይ!» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ። «ግራዝማችን!»

«ምን ሆኑ?»

«አትሰማም እንዴ? ሞተዋል እኮ!»

ደምመላሽ ጆሮው ወደ ኋላ ነው። የሚመጣው ቃል እንዳያመልጠው እንጂ የሚወጣውን አልሰማም። እትዬ የውብዳር በበኩሏ የሰው ልቅሶ ሰማች። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። ለእሷ ግን ሰው ካለቀሰ ሥራው መስመር ያዘ ማለት ነው። ደስ ብሏት፣ ለማንም ደግ ሰው የምትለውን ጨመረች፤ እሱም ጮክ ብሎ ደገመው፦

«የተራበ አጉራሽ፣ የታረዘ አልባሽ፣
ከእንግዲህ ወዲያማ፣ ማነው እንባ አባሽ።»

ገበያው በአንድ ጊዜ ተናጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረት መቱ። ሽማግሌዎቹ በዘንጋቸው ተደግፈው ተንሰቀሰቁ። ዶሮ ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ ዶሮዎቹን ለቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ቆይ፣ እግሬን ደነዘዘኝ» አለች እትዬ የውብዳር በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ እግሬን ደነዘዘኝ!» አለ ደምመላሽ በታላቅ ድምፅ።

«ሐዘን እግሩን ያዘው! ደግፉት!» ተባለና ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ብብቱን ያዙት። ደምመላሽ ለምን እንደያዙት አልገባውም፤ አድናቆት መሰለው።

ትርንጎ ከገበያ ጨው ገዝታ ስትመለስ ይህን አየች። «ማነው?» አለች። «አባትሽ!» አሏት። ጨውዋን በተነችና ኡኡታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ከቤቱ ወጣ። በአገሩ ልማድ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ገበያተኛው ሊሸጥ ያመጣውን እህል ሁሉ፣ ጤፍ የያዘ ጤፉን፣ ገብስ የያዘ ገብሱን፣ ስንዴ የያዘ ስንዴውን እያመጣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ዘረገፈው።

በዚህ መካከል ግራዝማች ወልደሰንበት በበቅሏቸው ሆነው ብቅ አሉ። ለቅሶውን ከሩቅ ሰምተው ነበርና ቶሎ ወረዱ። ከዳር ቆሞ የሚያለቅስ ሽማግሌ አገኙ።

«ወንድሜ፣ ማን ሞተ?»

«ግራዝማች ወልደሰንበት» አለ ሽማግሌው፣ ዓይኑን በጋቢው እንደሸፈነ።

ግራዝማች ትንሽ አሰቡ። «መቼ?»

«ዛሬ ጧት ይሆናል።»

«ጥሩ ሰው ነበሩ?»

«እንዴታ! ንፉግ ናቸው ይባል ነበር። ግን የሞተ ሰው አይወቀስም።»

«ማነው ንፉግ?»

ሽማግሌው ጋቢውን ከዓይኑ ገለጥ አደረገ። አያቸው። እንደገና ሸፈነው። ከዚያ «በስመ አብ!» ብሎ ተዘረረ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዞሮ አየና ጮኸ። በአንድ አፍታ ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ የቆመው ሮጠ፣ የሮጠው ወደቀ። ትርንጎ ብቻ ወደ ፊት ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ! አልሞትክም?»

«እኔማ አልሞትኩም! ማነው የገደለኝ?»

ሁሉም ወደ ደምመላሽ አመለከተ። ጎረምሶቹ አሁንም ብብቱን እንደያዙት ነው።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ደምመላሽ። «እሷ ናት!»

ያን ጊዜ የወፍጮ ቤቱ በር ተከፈተና እትዬ የውብዳር ወጣች። ዱቄት ቋቱን ተደግፋ ስለነበር ከጠጉሯ እስከ እግሯ ነጭ ሆናለች። ሊመለስ ያሰበው ሕዝብ እንደገና ሮጠ።

«እትዬ የውብዳር ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ምነው? ሳያምር ቀረ?»

ግራዝማች ተቆጡ። «ደምመላሽ፣ ይህ ወፍጮ ዛሬውኑ ይነቀላል። በራፉ ላይ ሰው ልይ ብዬ መጥቼ የራሴን ለቅሶ አየሁ!» አሉና ወደ አልቃሽዋ ዞሩ። «አንቺስ ምን ነክቶሽ ነው?»

«እኔማ ጠይቄው ነበር፣ ግራዝማች። ምን ይፈጫል አልኩት፤ ባለሙያ ነሽ አለኝ። ሞተሩን አሳየኝ አልኩት፤ በሩን ጋረደብኝ። ግራዝማች ገዙልኝ ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ታዲያ እርስዎን ካልሆነ ማንን ልግጠም?»

ግራዝማች አማቻቸውን አዩት። ደምመላሽ አዲሱን ጋቢውን ዳር ዳሩን ይቋጥር ነበር። ጎረምሶቹ አሁን በእውነት እግሩ ሊከዳው መሆኑን አይተው ይበልጥ ደገፉት።

በዚህ መሐል ሕዝቡ እየሣቀ ተመለሰና እህሉን ፈለገ። ግን ጤፉ ከገብሱ፣ ገብሱ ከስንዴው ተቀላቅሏል። ቅቤ ሻጯ «የእኔ ስንዴ ያኛው ነው» ስትል፣ ሌላዋ «ስሙን ጥሪውና ይምጣልሽ» አለቻት። ጭቅጭቁ ወደ ዱላ ሊደርስ ሲል ግራዝማች ዘንጋቸውን አነሡ።

«ያለቀሳችሁት ለእኔ ነው? እህሉም የእኔ ለቅሶ እህል ነው። ይፈጭና ቂጣ ይጋገር! በገዛ ለቅሶዬ ጾሜን አላድርም።»

ሞተሩ ተነሣ። ዶሮዎቹ ዛፍ ላይ ወጡ። ያ ክምር እህል፣ ሰው ተሣሥቆ ሳይጨርስ ዱቄት ሆነ። ሴቶቹ ቂጣውን ጋገሩና ሁሉም እየፈራ ቆረሰ። ያቺ እሳት ዳር እንዳይቀመጥ ስታስጠነቅቅ የነበረችው ሴት በመጀመሪያ አሸተተችው፣ ቀጥላ ቀመሰችው፣ በመጨረሻ የጎረቤቷን ድርሻ ጠየቀች። ጋዝ የሚል ነገር አልነበረውም።

ግራዝማች ቂጣቸውን እያላመጡ ወፍጮ ቤቱን ዞረው አዩ። «እስከ መጪው ቅዳሜ ይቆይ» አሉ። «ግን ይህችን ሴት አስቀምጠህ ትነግራታለህ። እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

ደምመላሽ በማግስቱ ሞተሩ ጓሮ ለብቻው በተሠራ ቤት መሆኑን አሳያት። ሰው ስለምን እንደሚፈራ ነገራት። ድምፁ ዶሮ እንደሚያስደነግጥ ሳይወድ በግዱ ተናገረ። በርበሬ እንደማይፈጭ ግን ደብቆ ሊያልፍ ፈለገ።

«ለምን ትደብቀዋለህ?» አለችው።

«ያሳማል ብዬ።»

«ልጄ፣ ጤፏ በርበሬ በርበሬ እንዳይላት የምትፈራ ስንት ሴት አለች መሰለህ! ይህማ ምርቃቱ ነው።»

ግጥሙንም ከመውጣቱ በፊት አሰማችው። አንድ ቦታ ላይ «ይህ እንኳ የእኔ አነጋገር አይደለም» አላት፤ እሷም አልተቀየመችም፣ ለወጠችው። በመጪው ቅዳሜ ያለ መስኮትና ያለ ጆንያ እንዲህ አለ፦

«ሞተሩ ከጓሮ፣ ድንጋዩ ከውስጥ ቤት፣
ዱቄቱና ጋዙ አይተዋወቁበት።
አህያ የሌላት፣ ወንዝ የምትፈራ፣
እህሏን ታምጣልን፣ አናስጠብቅ ተራ።
ዶሮ ቢደነግጥ፣ ድምፁ ከፍ ቢልም፣
በርበሬ አንፈጭም፣ ጤፍ አያስነጥስም።»

በመጀመሪያ የመጡት አህያ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ቀጥሎ ወንዝ የሚፈሩት መጡ። እስከ ቀትር በራፉ ላይ መቆሚያ ጠፋ፤ ተራ አናስጠብቅም የሚለው ስንኝ ብቻ ውሸት ሆነ። ግራዝማች ጥላ ሥር ተቀምጠው ይህን አዩ፤ ስለ መንቀልም ዳግመኛ አላነሡም።

ቀኑ ሳይመሽ አንድ ኮርቻ ሠሪ እትዬ የውብዳርን ፈልጎ መጣ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አላደረሰም።

«ስለ ኮርቻዬ አንድ ነገር ይግጠሙልኝ፤ ለረቡዕ ገበያ ይድረስ» አላት።

«ኮርቻህ ምን ዓይነት ነው?» አለችው።

«ኧረ እርስዎ ያውቁበታል!» ብሎ ሊሄድ ሲነሣ፣ ግራዝማች ከተቀመጡበት ዘንጋቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበትና፣ «ና ተመለስ፣ ቁጭ ብለህ ንገራት አንተ ሰው፤ ያልነገሯት አልቃሽ ቋሚ ትቀብራለች!» አሉት።